ከደረት በላይ የምናውቀው ፋሽን፦ ከፒያሳ እስከ ድሬዳዋ

ማክሰኞ፣ ፒያሳ

«ፒያሳ ደርሼ ልምጣ» ስላት እታለም ሳቀችብኝ። «ምኑን ልታዪ?» ታላቅ እህቴ ናት። ዕድሜዋን በሙሉ አዲስ አበባ ስለኖረች፣ ናፍቆት የሚባለው ነገር ለእኛ ለዋሽንግተኖቹ ብቻ የተፈቀደ ቅንጦት ይመስላታል። ክረምት ከበጋ ጣሪያ ሲያፈስ የሚያስጠግን ሰው የድሮ ቤት አይናፍቀውም ትላለች። አልተከራከርኳትም።

የራይድ ሹፌሩ ልጅ ነው። «ማዘር፣ ዓድዋ ሙዚየሙ ጋ ላውርድሽ?» አለኝ። ለእሱ ፒያሳ ማለት በ2016 የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ነው። ለእኔ ግን ፒያሳ የሚጀምረው ከሲኒማ ኢትዮጵያ ነው። ወርጄ ስራመድ ዓይኔ የለመደውን ፈልጎ አጣ። ዶሮ ማነቂያ የሚባለው ሰፈር በ2016 ፈርሷል፤ እሪ በከንቱም እንደዚያው። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛው ንጣፍ ያምራል፣ መብራቱም ደምቋል። አምሯል ማለት አይከፋኝም። የከፋኝ፣ የተረፉት ቤቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም ተቀብተው የትኛው የማን እንደነበር መለየት አለመቻሌ ነው።

በእኛ ጊዜ፣ በ1970ዎቹ፣ ቀጠሮ የሚያዘው ማህሙድ ሙዚቃ ቤት በር ላይ ነበር። ባለቤቱ ራሱ ማህሙድ አህመድ ነው፤ ዘፋኙ። ወንዱ ቀድሞ ደርሶ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፣ ሴቷ ሆን ብላ ታረፍዳለች። ካሴት መግዣ የሌለው ሰው ለመቆም ምክንያት አያስፈልገውም ነበር፤ ድምፅ ማጉያው ወደ መንገድ ስለሚዞር አዲስ የወጣ ዘፈን በረንዳው ላይ ቆሞ በነፃ ይጠናል። እኔና ጓደኛዬ የአንዱን ካሴት ሁለት ገጽ በቃላችን የያዝነው ሳንቲም ሳናወጣ ነው።

በዚያ ዘመን የሚወጣው ካሴት አብዛኛው በሮሃ ባንድ የታጀበ ነበር ብል ብዙ አልሳሳትም። የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ፣ የሰላም ስዩም ጊታር። ዘፋኙ ይቀያየራል፣ ኤፍሬም ታምሩም ይሁን ነዋይ ደበበ፤ ከኋላ ያለው ድምፅ ግን የሰፈር ሰው ያህል ይታወቃል።

ስለ ሙዚቃው ብዙ ተብሏል፤ እኔ ግን ከዘፈኑ እኩል የምናየው ሽፋኑን ነበር። የሙዚቃ ቤቱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በካሴት ሽፋን የተሸፈነ ነው፤ የፋሽን መጽሔታችን ያ ግድግዳ ነበር። ሌላ መጽሔት የት አለና! ከውጭ የመጣ የልብስ ካታሎግ ያላት ልጅ ካለች ሰፈሩ ሁሉ ደጇን ይጠናታል። ለተቀረነው ኩኩ ሰብስቤ ወይ አስቴር ሽፋኑ ላይ የለበሰችውን ዓይተን፣ ሽፋኑን ተውሰን ልብስ ሰፊ ጋ እንሮጣለን። «እንደዚህ ስፋልኝ።» ችግሩ ፎቶው ከደረት በላይ መሆኑ ነው። ኮሌታው ይታያል፣ የትከሻው ስፋት ይታያል፣ የጆሮ ጌጡም ይታያል። ከዚያ በታች ያለውን የሚያውቅ እግዜር ብቻ ነው። ስለዚህ የእኛ ትውልድ ፋሽን ከደረት በላይ የዘፋኞቹ፣ ከደረት በታች የልብስ ሰፊዎቹ ነበር። አንዱ ጉርዱን ጠባብ ያደርገዋል፣ ሌላው ፕሊሴ ያወጣለታል፤ ሁለቱም «ፎቶው ላይ እንደዚህ ነው» ብለው ይምላሉ።

ቶሞካ ቆሜ ማኪያቶ ጠጥቼ ወደ ሀገር ፍቅር አቅጣጫ ወጣሁ። ቴአትር ቤቱ አለ። ሸክላ ማሳተም የእሱ ብቻ መብት በነበረበት ዘመን፣ አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ያንን ጥሶ በ1961 የራሱን ሸክላ ማውጣት መጀመሩን ያወቅሁት አሜሪካ ከሄድኩ በኋላ ነው። የእኛ የካሴት ዘመን ልጆች የሸክላውን ዘመን የምናውቀው ከታላላቆቻችን ቤት ነበር፣ «እንዳትነኩት!» በሚል ማስጠንቀቂያ።

ረቡዕ፣ መርካቶ

ዛሬ ልብስ ሰፊ ፍለጋ ነው የወጣሁት። የእኔ ሰፊ በሕይወት እንደሌሉ አውቃለሁ። የፈለግሁት የዘመናቸውን ሰው ነው።

መርካቶ ሰው አይለምንም፤ ገፍቶሽ ያልፋል። ሸማ ተራን አልፌ፣ እየጠየቅሁ፣ አንድ በረንዳ ላይ የቆየ ሲንጀር ዘርግተው ዚፕ የሚቀይሩ አዛውንት ጋ ደረስኩ። መነጽራቸው በክር ታስሯል፣ አንገታቸው ላይ ሜትር፣ ጣታቸው ላይ የጠመኔ ብናኝ። ስልኬን አውጥቼ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፎቶዬን አሳየኋቸው። ሰማያዊ ኮት፣ ትከሻው ከእኔ የሚተርፍ፣ ወገቡ የገባ፣ ፀጉሬ በቢጉዲን ተጠቅልሎ ካስክ ስር ከተጋገረ በኋላ የተፈታ።

«ማናት?» አሉ።

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

ስልኩን ጠጋ፣ ከዚያ ራቅ አደረጉት። የእኔን ፊት አልነበረም የሚያዩት፤ እጅጌው ከትከሻው ጋር የሚገጥምበትን ቦታ ነው። «ጥሩ ሰው ነው የሰፋው። እዚህ ጋ አልተሸበሸበም። ስፖንጁን ግን ወፍራም አድርጎብሻል» አሉኝ፣ ትናንት እንደተሰፋ ሁሉ።

ስለ ስፖንጁ ጠየቅኋቸው። ያን ጊዜ የትከሻ ስፖንጅ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ነገር ሆኖ በየሱቁ አይገኝም ነበር። ከፍራሽ ስፖንጅ ላይ በመቀስ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ይቆርጡታል፤ ጠርዙን እያሳሱ ይከረክሙታል፣ ካልሆነ በጨርቁ ላይ መስመሩ ይወጣል። ከዚያ በገበር ለብጠው በሁለት ቦታ ብቻ ይጠልፉታል። በሁለት ቦታ ብቻ መሆኑ ምሥጢር አለው፤ ኮቱ ሲታጠብ ስፖንጁ ተነቅሎ እንዲወጣ ነው። ያንን የማታውቅ ልጅ ከነስፖንጁ ታጥበውና አንዱ ትከሻዋ ደርቆ አንዱ እያንጠባጠበ ሰርግ ትሄዳለች። ይኼን ሲነግሩኝ ራሳቸው ሳቁ፤ ከጎናቸው ያለው ወጣት ሰፊ ግን ስልኩ ላይ ነበር።

«ዛሬ ይሰፋሉ እንዲህ ዓይነት?»

«ማን ያሰፋል? የእኔ የእጅ ዋጋ ከተሰፋው ልብስ ይበልጣል። ሳልቫጅ አለ፣ የቱርክ አለ፣ የቻይና አለ። ሰው ለእኔ የሚያመጣው ዚፕና እግር ማሳጠር ነው።»

ስለ ድሮ ሙዚቃ ስናወራ «ጠፋ» እንላለን። እኔ በበኩሌ አልጠፋም ባይ ነኝ። ከ1990 አካባቢ ጀምሮ በፈረንሳይ አገር «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ያ ሁሉ ሸክላ እንደገና ታትሞ ዓለም ሰምቶታል። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ዓመታት ታክሲ ሲነዳ ከኖረ በኋላ የድሮ ሥራው እንደገና ወጥቶለት ወደ መድረክ ተመልሷል። የማህሙድን ድምፅ ጃፓን ውስጥ ሆኖ ማግኘት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የእነዚህን ሰዎች እጅ ግን ማን አስቀመጠው? ሙዚየም የሚያስቀምጠው ጥበብ ቀሚስ ነው፣ ካባ ነው። በ1976 መርካቶ ውስጥ ከካሴት ሽፋን ላይ ተገምቶ የተሰፋ ሰማያዊ ኮት የአገር ባህል አይባልም፣ ዘመናዊም አይባልም። ያንን ኮት ራሴ አሜሪካ ስሄድ ለዘመድ ልጅ ሰጥቼው ሄድኩ፤ ያን ጊዜ ማን ዞሮ ያየዋል!

ኮት ይስፉልኝ ስላቸው አዛውንቱ መጀመሪያ እንደ ቀልድ ቆጠሩት። ከዚያ ሜትሩን ከአንገታቸው አወረዱ። ወገቤን ሲለኩ ቁጥሩን ጮክ ብለው አልጠሩትም፤ ደግ ሰው ናቸው። ጨርቅ አምጪ አሉኝ። «የዚያን ዘመን ዓይነት ከፈለግሽ እዚህ አታገኚም። ያኔም ቢሆን ከድሬ ነበር የሚመጣልን።»

ሐሙስ፣ ቤት

እታለም አልበሟን አወጣች። ከእኔ በአሥር ዓመት ስለምትበልጥ የእሷ ጉርምስና የሌላ ዘመን ነው፤ አፍሮ፣ ቤልቦተም፣ ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ። ፎቶ ቤት ከተነሷቸው በአንዱ ላይ አራት ሴቶች ናቸው፤ ጀርባ ላይ «1966» ተጽፏል። የእሷ ቤልቦተም ከጉልበት በታች ተከፍቶ ጫማዋን ውጦታል። ጨርቁ ገበርዲን ነው አለችኝ፣ ለአባታችን ሱሪ ከተገዛው የተረፈ።

ስለ ሚኒ ስከርት ስናወራ የ1960ውን የዩኒቨርሲቲ ፋሽን ሾው አነሳችልኝ። ራስ መኮንን አዳራሽ የተዘጋጀውን ትርኢት ተማሪዎች «የባዕድ ባህል ወረራ ነው» ብለው ተቃውመው አወኩት፣ ፖሊስም ገባ። እሷ ያኔ ልጅ ናት፣ የሰማችው ከጎረቤት ነው። «የሚገርመው» አለች፣ «የጮኹት ወንዶች ራሳቸው ሱፍ ከነከረባታቸው ነበሩ። ሱፍ የአገር ቤት ልብስ ሆኖ ነው?» ለዚህ መልስ የለኝም። አንዲት ሴት ምን ለበሰች የሚለው ጉዳይ መንግሥት እንኳ ሲወድቅ የማይወድቅ ክርክር ነው።

በ1967 የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ቤልቦተሙን አውልቃ ካኪ ለበሰች። አፍሮዋን ዘመቻ ጣቢያ ውስጥ በውሃ እጦት ምክንያት ጓደኛዋ በመቀስ ቆረጠችላት። ጣቷን ከአራቱ ልጆች በሁለቱ ላይ አሳረፈች። ቀይ ሽብርን አላለፉም።

«ስለ ሱሪው ብቻ ጠይቂኝ» አለችኝ።

ስለ ሱሪው ጠየቅኋት።

የእኔ ዘመን ከእሷ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነበር ማለት ይከብዳል። የሰዓት እላፊ ልጆች ነን። ጭፈራ ቤት የገባ ሰው እስኪነጋ እዚያው ይቆለፍበታል፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል፤ ዋልያስ ባንድ ሂልተን ሲጫወቱ ሌሊቱን የሚገፉት ስለዚህ ነው። እኛ ለዚያ ያልደረስን ልጆች የእሁድ ከሰዓት የቤት ፓርቲ ነበረን። መጋረጃ ተዘግቶ ቀን ጨለማ ይደረጋል፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ጫማውን በእጁ ይዞ ወደ ቤቱ ይሮጣል፤ ጭቃው ጫማውን እንዳያበላሸው ነው። የዛሬ ልጆች ይኼን ስነግራቸው የፊልም ታሪክ ይመስላቸዋል።

ዓርብ፣ ባቡር ላይ

ከለቡ ጣቢያ ተነሳን። መታወቂያ ተፈተሸ፣ ሻንጣ ተፈተሸ፣ ሰልፉ ረጅም ነው። ባቡሩ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ በ2009 የተመረቀው የቻይና ሥራ ነው። የድሮው ባቡር ለገሃር ድረስ የገባው በ1909 ስለሆነ መቶ ዓመት ይራራቃሉ። የድሮው ያዘግማል፣ ይቆማል፣ ይሸጥበታል፣ ይበላበታል፤ አዲሱ ንጹሕ ነው፣ ይሄዳል፣ አለቀ።

ከአዳማ በኋላ መሬቱ ይለቃል፣ ሙቀቱ ይጀምራል። መተሐራ ላይ በሰቃ ሐይቅ ከመስኮቱ ስር ታየ፤ ዙሪያው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከዚያ አዋሽ። ከዚያ ግራርና ግመል፣ ግመልና ግራር። ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት ያለ ጆሮ ማዳመጫ ቪዲዮ ስታይ ዋለች፤ ሌላ የምለው የለኝም።

ቅዳሜ፣ ድሬዳዋ

ድሬ በ1895 ባቡሩ ስለደረሰ የተወለደች ከተማ ናት፤ አዲሱ ጣቢያ ግን ከከተማው ራቅ ብሏል። የድሮው ጣቢያ ከዚራ ጫፍ ላይ በአማርኛና በፈረንሳይኛ ስሙን ይዞ ቆሟል። ከዚራ ዛፎቹ መንገዱን ሸፍነውት ጠዋት ጠዋት በእግር መሄድ ይቻላል፤ ከአራት ሰዓት በኋላ ባጃጅ ውስጥ ካልገባሽ ቆዳሽ ይነግርሻል። የባጃጁ ልጅ ዓሊ ቢራን ከፍቶ ነበር። «የኛ ነው አቦ!» አለኝ፣ ሳልጠይቀው። እውነቱን ነው፤ በ1950ዎቹ አፍረን ቀሎ የሚባለው የሙዚቃ ቡድን ሲመሠረት ገና ልጅ የነበረው ዓሊ የወጣው ከዚሁ ከተማ ነው።

አንድ የዋሽንግተን ወዳጄ የአክስቱን አድራሻ ሰጥቶኝ ነበር። ድሪያ ለብሰው፣ በረንዳ ላይ ምንጣፍ አስነጥፈው ጠበቁኝ። በደርግ ዘመን በባቡር ልብስ ያመላለሱ ነጋዴ ናቸው። ኮንትሮባንድ ነው እንግዲህ፤ እሳቸውም ቃሉን አይሸሹም።

ከጅቡቲ የመጣውን ጨርቅ ድሬ ላይ ይረከባሉ። አዲስ አበባ ለማድረስ በየጣቢያው ፊናንስ፣ የጉምሩክ ፖሊስ፣ አለ። ዘዴው ብዙ ነው። ጣቢያ ከመድረሱ በፊት ባቡሩ ሲያዘግም ጥቅሉ በመስኮት ይወረወራል፣ ታች የሚጠብቅ ልጅ ያነሳዋል። ሌላው መልበስ ነው። «ቀሚስ በቀሚስ ላይ፣ ሱሪ በሱሪ ላይ። ስሳፈር ወፍራም ነኝ፣ ለገሃር ስወርድና ቤት ስደርስ ቀጭን። ፊናንሱ ያውቃል እኮ አቦ! ድሬ ላይ እንዲህ የምትወፍር ሴት የለችም። ግን አንዳንዱ ሰው ነው፣ ያልፋል። አንዳንዱ ደግሞ እዚያው ያስወልቅሻል።» በሐምሌ ሙቀት፣ ሚኤሶ ላይ፣ ስምንት ልብስ ደርቦ መቀመጥ ምን እንደሆነ አስቡት። አንዴ ራሳቸውን ስተው ወድቀው ውኃ የረጨባቸው ራሱ ፊናንሱ ነው። ውኃ ከረጨ በኋላ ወረሳቸው።

ለዓመታት ሲከነክነኝ የነበረውን ጠየቅኋቸው። ለምን ሁሉም ነገር ያ የሚያብረቀርቅ፣ የሚንሸራተት ጨርቅ ሆነ? ለምን ያን ጊዜ አዲስ አበባ ሁሉ እሱን ለበሰ? የዘመኑ ምርጫ፣ የማይክል ጃክሰን ተጽዕኖ ምናምን ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ስለማይጨማደድ ነዋ!» አሉ። «ሱፍ ይወፍራል፣ አይደበቅም። ጥጥ ይጨማደዳል፣ ስታወጪው አሮጌ ይመስላል፣ ዋጋ ያወርድብሻል። ይኼኛው ግን ጡትሽ ስር ጠቅልለሽ አሥር ሰዓት ተቀምጠሽበት ስትዘረጊው አዲስ ነው። ቀለሙን ደግሞ እኔ አልመርጥም፤ የተገኘውን ነው።»

ማህሙድ ሙዚቃ ቤት በረንዳ ላይ ተሰልፈን «ዘንድሮ ሰማያዊ ነው ፋሽኑ» የምንባባለው ለካ ሰማያዊ ስለመጣ ነው። ዘፋኞቹም የሚለብሱት ያንኑ፣ እኛም እነሱን ዓይተን ያንኑ። ይኼን ሳውቅ ቅር አላለኝም፤ እንዲያውም ኮቴን የበለጠ ወደድኩት። በአንዲት ሴት ገላ ላይ ሚኤሶን አልፎ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ከሰዓት በኋላ እሳቸው ራሳቸው ቀፊራ ገበያ ወሰዱኝ፤ ቀጥሎም ታይዋን ወደሚባለው ገበያ። ታይዋን ዛሬ ስልክና ቴሌቪዥን ነው የሚበዛው። ጨርቅ ሻጯ ወጣት ናት፤ ሰማያዊውን ስታወጣልኝ አክስትየው ጫፉን ይዘው ጨበጡት፣ ጨምቀው ለቀቁት፣ በመዳፋቸው ላይ ሲፈታ ተመለከቱ። ከዚያ ልጅቷ ከጠራችው ዋጋ ግማሹን ጠሩ። ልጅቷ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። ሊሄዱ ተነሱ፣ ተጠሩ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ተነሱ። እኔ በዶላር አስልቼ ልከፍል እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ስከት እጄን በኃይል መቱኝ።

እሁድ፣ አዲስ አበባ

በአውሮፕላን ተመለስኩ፤ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ጨርቁን ሶፋ ላይ ዘረጋሁት። እታለም መነጽሯን አድርጋ መጥታ በሁለት ጣት አሸችው።

«ይኼን ፍለጋ ነው ድሬዳዋ የሄድሽው?»

«አዎ።»

«በዚህ ፀሐይ ፖሊስተር? ላብ ያሰጥምሻል። ገበሩን ቢያንስ ጥጥ ይሁን በያቸው» አለችና ጨርቁን አጥፋ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችው። ነገ መርካቶ አብራኝ ልትሄድ ነው፤ ልብስ ሰፊውን አላምናቸውም ብላለች።